ካሰሮል በብርድ ቀን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብርዱ ሲጠና ኦቨን የሚለኩስ ሰው ይበዛል፤ ጥያቄውም አብሮ ይበዛል። አንዱ ስለ ድንች ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ቺዝ፣ ሌላው ስለ ክዳን። ስመልሳቸው ግን አብዛኞቹ ወደ አንድ ነገር ይወስዱኛል፦ ትሪው ውስጥ ስንት ውሃ አለ? የትስ ነው የሚሄደው? ይህን በልባችሁ ይዛችሁ ብታነቡ እዚህ ያልተጻፈውንም ራሳችሁ መመለስ አያቅታችሁም።

ካሰሮል ማለት በትክክል ምንድን ነው?

ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ በመጀመሪያ የዕቃው፣ ማለትም የድስቱ ስም ነበር። ኋላ ላይ በዕቃው የሚበስለው ምግብም በዚያው ተጠራ። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሁለት ናቸው። በብሪታንያ ካሰሮል ሲባል ክዳን ባለው ከባድ ድስት፣ ኦቨን ውስጥ፣ በዝግታ የሚበስል መረቅ ያለው የሥጋና የአትክልት ምግብ ነው። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ጎድጓዳ የኦቨን ትሪ ላይ ተደባልቆ ወይም ተደርድሮ፣ በሶስ ተያይዞ፣ ከላይ ቺዝ ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ተነስንሶበት የሚጋገር ነው። ያገኛችሁት አዘገጃጀት ግራ ካጋባችሁ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩ። የመጀመሪያው ውሃውን ክዳን ሥር አፍኖ ያቆየዋል፤ ሁለተኛው እንዲተን ይፈልጋል። ላዛኛና በኦቨን የሚጋገር መኮሮኒ የሁለተኛው ዘመዶች ናቸው፤ እነሱን የሠራ ሰው ካሰሮል ሠርቷል።

አዘገጃጀት ሳልከተል ቤት ባለው ነገር መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። 23 በ33 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ሦስት ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ለስድስት ወይም ለስምንት ሰው ይበቃል። ለእሱ የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው፦ ግማሽ ኪሎ የበሰለ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ጥራጥሬ፤ ግማሽ ኪሎ የተቁላላ አትክልት፤ ከ250 እስከ 300 ግራም መኮሮኒ (ሳይቀቀል የተመዘነ) ወይም አንድ ኪሎ ድንች፤ ሦስት ሩብ ሊትር ሶስ፤ 150 ግራም የተፈቀፈቀ ቺዝ። ሥጋው ቢቀር አትክልቱን ጨምሩ፤ ቺዙ ቢቀር የዳቦ ፍርፋሪ ይተካዋል። ሶሱ ግን አይቀርም፤ እሱ ከሌለ ያላችሁ የደረቀ የተለያየ ነገር ክምር ነው። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ከሆነ ሁሉንም በግማሽ ቀንሳችሁ 20 በ20 ትሪ ላይ ሥሩ።

ፍሪጅ ማጽጃ አታድርጉት እንጂ። ዘጠኝ ዓይነት ትርፍራፊ የገባበት ካሰሮል የየትኛውም ጣዕም የለውም። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ዶሮ፣ እንጉዳይና ጦስኝ በነጭ ሶስ፤ የተፈጨ ሥጋ፣ ቲማቲምና በሶብላ፤ የአበባ ጎመን፣ ቺዝና ትንሽ ሰናፍጭ። ሶሱን ከማደባለቃችሁ በፊት ቅመሱት። ብቻውን ሲቀመስ ጨው ከፍ ያለ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ድንችና መኮሮኒ ጣዕሙን ያደበዝዙታል። ጨዋማ ቺዝ የምትጨምሩ ከሆነ ግን ለእሱ ቦታ ተዉለት።

ሁልጊዜ ውሃ ውሃ ይልብኛል። የምሳሳተው የት ላይ ነው?

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ትሪው ኦቨን ሲገባ ወፍራምና ያማረ ነው፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ማንኪያ ሲገባበት ግን ሥሩ ሾርባ ሆኖ ይገኛል። ያንን ውሃ ማንም አልጨመረውም፤ ከአትክልቱ ነው የመጣው። እንጉዳይ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ዙኪኒና ቲማቲም ወደ 95 በመቶ ይጠጋሉ። ሰፊ መጥበሻ ላይ ቢሆን ይህ ውሃ ተኖ ይሄድ ነበር፤ ጥልቅ ትሪ ውስጥ ሶስ ተጭኖት ሳለ ግን መውጫ የለውም፤ ሶሱን እያቀጠነ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ውሃው ትሪ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መውጣት አለበት። እንጉዳዩን ሰፊ መጥበሻ ላይ ሳታጨናንቁ ጣሉት። መጀመሪያ ውሃውን ይለቅና ይንተከተካል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ በሰለ ብሎ ያወጣዋል። ጥቂት ታገሡ፦ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀየራል፣ መንተክተኩ ቀርቶ መንጫጫት ይጀምራል፣ ቀጥሎም ይቀላል። ያኔ ነው የሚወጣው። ዙኪኒ ከሆነ ቆራርጣችሁ ጨው ነስንሱበት፣ ግማሽ ሰዓት ማጥለያ ላይ አቆዩት፣ ከዚያ በጨርቅ ጨምቁት (የሶሱን ጨው በዚያው ልክ ቀንሱ)። ቆስጣና ስፒናች እሳት እንደነካቸው ይጠወልጋሉ፤ ሲቀዘቅዙ በጭብጣችሁ ጨምቋቸው። የሚወጣውን ውሃ ስታዩ ትገረማላችሁ። ከፍሪዘር የወጣ አትክልትም በረዶው ይቅለጥለትና ይንጠፍጠፍ፤ ቀጥታ ትሪ ውስጥ መጣል በረዶውንም ጭምር ማብሰል ነው። የተፈጨ ሥጋ እንደ እንጉዳዩ ነው፦ ውሃው አልቆ እስኪቀላ ድረስ ጥበሱት፣ ስቡ ከበዛም አፍስሱ።

አንዴ ውሃ ውሃ ብሎ ከወጣስ? ፎይሉን አንሱና ለ15 ደቂቃ መልሱት፣ ከዚያ ውጭ ይረፍ። ያም ካልበቃው ትሪውን አዘንብላችሁ ፈሳሹን በጭልፋ ቅዱና ትንሽ ድስት ላይ አድርጉት። በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምሩበት፣ አፍሉት፣ ሲወፍር መልሳችሁ አፍስሱበት። ደረቅ ዱቄት ከላይ መነስነስ ግን አያዋጣም፤ ይጓጉላል፣ ጥሬ ጥሬም ይላል።

ነጭ ሶሱ ይጓጉልብኛል።

ለሦስት ሩብ ሊትር ወተት 60 ግራም የገበታ ቅቤና 60 ግራም የፉርኖ ዱቄት ያስፈልጋል። ቅቤውን አቅልጡ፣ ዱቄቱን ጨምሩና ሳይቀላ ለሁለት ደቂቃ አማስሉት። የሚጓጉለው የዱቄት ቅንጣቶች ፈሳሽ ሲያገኙ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ነው፤ ቅቤው እያንዳንዷን ቅንጣት ሲሸፍናት ግን ተለያይተው ይቆያሉ። ወተቱን መጀመሪያ ላይ በጥቂት በጥቂቱ፣ ሊጥ የመሰለው ነገር እስኪላላ ድረስ እያማሰላችሁ ጨምሩ፤ ከላላ በኋላ የቀረውን በአንድ ጊዜ ብታፈሱት ችግር የለም።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጣዩን ነው። የስንዴ ስታርች ከ60 ዲግሪ በላይ ማበጥ ቢጀምርም ሙሉ ውፍረቱን የሚሰጠው መፍላት ሲቃረብ ነው። ሞቀ ብላችሁ ካወጣችሁት ቀጭን ይሆናል፣ ዱቄት ዱቄትም ይላል። ስለዚህ አፍሉት፣ ከፈላም በኋላ በዝግተኛ እሳት ሁለት ሦስት ደቂቃ አማስሉት። ማንኪያ ነክራችሁ ጀርባው ላይ በጣታችሁ መስመር ስታሰምሩ መስመሩ ሳይደፈን ከቀረ ደርሷል። ለመኮሮኒ ትንሽ ቀጠን ይበል፣ መኮሮኒው ኦቨን ውስጥ ይጠጣዋልና፤ ቀድሞ ለተቀቀለ የአበባ ጎመን ወፈር ይበል። አንዴ ከጓጎለ ደግሞ በማጥለያ አሳልፉት፤ ማንም አያውቅባችሁም።

በሶስ ፈንታ የታሸገ የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ ብጠቀም ነውር ነው?

ኧረ ምንም ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1955 ካምቤል የተባለው የታሸገ ሾርባ አምራች የሙከራ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራ የነበረችው ዶርካስ ራይሊ ፎሶሊያን ከእንጉዳይ ክሬም ሾርባና ከተጠበሰ ሽንኩርት ጋር አዋሕዳ የሠራችው ካሰሮል በአሜሪካ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከእሱ የምትጠነቀቁት አንድ ነገር ጨው ነው። ጣሳው ውስጥ በበቂ አለ፤ ሳትቀምሱ አትጨምሩ።

ቺዙ ይቆራረጥና ዘይት ይተፋል። ለምን?

ሙቀት በዝቶበት ነው። የቺዝ ፕሮቲን ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ውስጡ የያዘውን ስብና ውሃ ጨምቆ ያወጣል። ሶስ ውስጥ የምትጨምሩት ከሆነ ድስቱን ከእሳት አውርዱና በጭብጥ በጭብጥ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ከላይ የምትነሰንሱትንም ከመጀመሪያው ሳይሆን በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች አድርጉት። ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠው ቺዝ እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም የመሰለ ነገር ይነሰነስበታል፤ ከላይ ለመነስነስ ጥሩ ነው፣ ለሶስ ግን ከጥፍጥፉ ራሳችሁ የፈቀፈቃችሁት ይሻላል። እርጎም እንዲሁ ሙቀት ላይ ይቆራረጣል። ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች መትታችሁበት ብትጨምሩት ይጸናል።

መኮሮኒውንና ሩዙን ቀድሜ ልቀቅላቸው?

መኮሮኒውን አዎ፣ ግን ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ቀንሱ። ሲነከስ መሐሉ ጠንከር ማለት አለበት፤ የቀረውን ኦቨን ውስጥ ሶሱን እየጠጣ ይጨርሳል። ድስት ላይ ሙሉ በሙሉ የበሰለ መኮሮኒ ኦቨን ከገባ ገንፎ ይሆናል።

ሩዝ ጥሬውን ሊገባ ይችላል። ለ200 ግራም ነጭ ሩዝ ከ450 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የፈላ መረቅ አፍስሱ፣ ትሪውን በፎይል ግጥም አድርጋችሁ ሸፍኑ፣ በ190 ዲግሪ 40 ደቂቃ ገደማ አቆዩት። እዚህ ላይ ውሃው እንዲያመልጥ አንፈልግም፤ ፎይሉ አንድ ጎን ከተከፈተ በዚያ በኩል ያለው ሩዝ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። መረቁ የፈላ ይሁን ያልኩትም በምክንያት ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ ትሪው እስኪሞቅ ብቻ ሩብ ሰዓት ይሄዳል።

ድንቹ ሁለት ሰዓት ቆይቶ እንኳ ጠንካራ ነው። ምን ነካው?

ምናልባት ሶሳችሁ የቲማቲም ነው። የድንችን ሴሎች የሚያያይዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው፤ አትክልት ሲበስል የሚለሰልሰው ይህ ስለሚላላ ነው። አሲድ ባለበት ግን ፔክቲን ቶሎ አይላላም። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ወይን፣ ሁሉም ይህን ያደርጋሉ። ድንቹን ቀድማችሁ በጨው ውሃ ግማሽ በግማሽ ቀቅሉና ከዚያ ወደ ቲማቲሙ አስገቡት። ደረቅ ጥራጥሬም ላይ ይኸው ነው የሚሆነው። ሽምብራ ወይም ቦሎቄ ሳይበስል ሳልሳ የጨመረ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ሶሱ ነጭ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የውፍረት ነው። ድንቹን ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል አሳስታችሁ ቁረጡት፣ በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ተሸፍኖ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ክፍቱን። ቢላዋ ሲገባበት ምንም መቋቋም የለበትም።

ቀይ ቦሎቄን ጥሬውን ከሥጋው ጋር ብጨምረው በዝግታ አይበስልም?

አታድርጉት። ይህ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዝ አለው፤ አራት አምስት ፍሬ እንኳ ከበሉ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። መርዙን የሚያጠፋው መፍላት ነው። ለብ ባለ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ማቆየት አያጠፋውም፤ እንዲያውም 80 ዲግሪ አካባቢ ብቻ የደረሰ ቦሎቄ ከጥሬው ብሶ ሊገኝ ይችላል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይንፈቅፈቅ፤ 30 ደቂቃ ቢሆን ይበልጥ ያስተማምናል። ከዚያ በኋላ ነው ኦቨን የሚገባው። የቆርቆሮው ቦሎቄ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ይህ አይመለከተውም።

የትኛው ሥጋ ይሻላል? ውዱን ብገዛ አይጣፍጥም?

ገንዘባችሁን አታባክኑ። ክዳን ላለው፣ በዝግታ ለሚበስለው ካሰሮል ፊሌቶ ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። ስብም ጅማትም ስለሌለው በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርቆ ክር ክር ይላል። የሚያስፈልገው ከትከሻና ከባት የወጣ፣ ብዙ የሠራ፣ ጅማት ያለበት ሥጋ ነው። ጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን ከ70 ዲግሪ በላይ በጊዜ ብዛት ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ መረቁን ወፈርና ከንፈር ላይ ጣበቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ጊዜ ነው የሚፈልገው እንጂ ኃይለኛ እሳት አይደለም። በ150 ወይም በ160 ዲግሪ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

በአንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስታዩት ሥጋው ከመጀመሪያው ይልቅ የጠነከረ ይመስላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ ወይም እሳት ይጨምራሉ። ክዳኑን መልሱና ሂዱ። ሹካ ሲነካው የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥጋውን ከመጨመራችሁ በፊት በጨርቅ አድርቁና በጥቂት በጥቂቱ ጥበሱት። እርጥብ ሥጋ አይቀላም፤ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ የሥጋው ገጽ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ መቅላት ደግሞ ከ140 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው የሚፋጠነው። መረቁም ሥጋውን አያስጥመው፤ እስከ ግማሹ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይድረስ። ዶሮ ከሆነ ጭኑን ውሰዱ፤ ደረቱ ለረጅም ሰዓት አይሆንም።

በስንት ዲግሪ ልጋግረው? ይሸፈን ወይስ አይሸፈን?

የትሪ ካሰሮል አብዛኛው በ180 ዲግሪ ይሄዳል፤ ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ 160። ውስጡ ያለው ሁሉ ቀድሞ የበሰለ ከሆነ 30 ወይም 40 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጎንና ጎኑ ሲንተከተክና መሐሉ ሲሞቅ ደርሷል። የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ መሐሉ ላይ 74 ዲግሪ ማሳየት አለበት፤ በተለይ ዶሮ ወይም የተፈጨ ሥጋ ካለበት በዓይን ግምት አትመኑ።

መሸፈኑን በውሃው አስቡት። ጥሬ ሩዝ ወይም ጥሬ ድንች ካለ እንፋሎቱ ስለሚያስፈልግ መጀመሪያ ይሸፈን፤ ሁሉም የበሰለ ከሆነ ክፍቱን። የፎይሉ የሚያብረቀርቀው ጎን ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚለውን ክርክር ተዉት፣ ለውጥ የለውም። ቲማቲም ያለበት ምግብ ላይ ግን ፎይሉ ምግቡን አይንካው፤ አሲዱ ይበሳዋል። በመሐል የመጋገሪያ ወረቀት አድርጉ።

ላዩ ኮሽ ኮሽ እንዲልልኝ ምን ላድርግ?

የዳቦ ፍርፋሪውን በቀለጠ ቅቤ ወይም በዘይት እሹት፤ ለ60 ግራም ፍርፋሪ 30 ግራም ይበቃል። ደረቁን ከነሰነሳችሁት ከሥር የሚመጣውን እንፋሎት መጥጦ ይርሳል። ፎይሉን ካነሣችሁ በኋላ አድርጉት፤ ሊወጣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የላይኛውን እሳት ክፈቱና ከፊቱ አትጥፉ። በቀላና ባረረ መካከል ያለው ጊዜ ስልክ ለማንሣት አይበቃም።

የመስታወት ትሪ ኦቨን ውስጥ ይሰነጠቃል?

ኦቨን ውስጥ ሳይሆን ሲገባና ሲወጣ ነው የሚሰነጠቀው። አንድ ቀን የጋለ ትሪ አውጥቼ እርጥብ ፎጣ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጥይት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፣ እራታችን ከነስብርባሪው ቆሻሻ ገባ። መስታወቱ አንዱ ጎን ግሎ ሌላው ሲቀዘቅዝ መጠናቸው ይለያያል፣ ውጥረቱን ካልቻለው ይፈነዳል።

የመስታወት መጋገሪያ ታሪክ ራሱ የጀመረው ከተሰነጠቀ ካሰሮል ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1913 ቤሲ ሊትልተን የሸክላ ካሰሮሏ ሲሰበርባት፣ ኮርኒንግ የመስታወት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ባሏ ጄሲ የባትሪ ማሰሮ ሥሩን ቆርጦ አመጣላት፤ እሷም ኬክ ጋገረችበት። በ1915 ፋብሪካው የዚህ ዓይነቱን ዕቃ ፓይሬክስ ብሎ ለገበያ አወጣ። ያ መስታወት ቦሮሲሊኬት ነበር፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥን በደንብ ይችላል። ዛሬ ከሚሸጡት ትሪዎች ብዙዎቹ ከሌላ ዓይነት መስታወት የተሠሩ ናቸው፤ አይታችሁ ስለማትለዩ ሁሉንም እኩል ተጠንቀቁ። ከፍሪጅ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን አይግባ፣ ሲወጣም ደረቅ ጨርቅ ወይም እንጨት ላይ ይረፍ፣ የጋለ ትሪ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፍሰስ፣ ከላይኛው እሳት ሥርም አይቀመጥ። ላዩን ማቅላት ለምትወዱ ብረት ይሻላችኋል፤ ራቁት አሉሚኒየም ግን ለቲማቲም አይሆንም።

ኦቨን የለኝም።

ሥሩ ወፍራም የሆነ ድስትና የሚገጥም ክዳን ካላችሁ የመጀመሪያውን ዓይነት ካሰሮል ምድጃ ላይ መሥራት ትችላላችሁ። ኦቨን ድስቱን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚያሞቀው ሥሩ አያርም፤ ምድጃ ግን ከሥር ብቻ ነው። ስለዚህ እሳቱን የመጨረሻ ዝቅ አድርጉ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሥሩን በማማሰያ ፈትሹ፣ ሶሱን የሚያወፍረውን ነገር መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ ቀድሞ የወፈረ ሶስ ሥር ላይ ይይዛል። የላዩን ኮሽኮሽታ ከፈለጋችሁ ፍርፋሪውን መጥበሻ ላይ በቅቤ አቅልታችሁ ሲቀርብ ነስንሱበት። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ፍርፋሪ ከኦቨኑ ይልቅ ኮሽ ይላል፣ እንፋሎት አልነካውምና።

የምኖረው ከፍታ ቦታ ላይ ነው። ለውጥ አለው?

አለው። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ላይ ነው። የኦቨኑ ቁጥር 180 ቢልም መረቅ ውስጥ የተነከረ ነገር ከዚያ ከ93 ብዙም አያልፍም። መኮሮኒ፣ ሩዝ፣ ጥራጥሬና ጅማታም ሥጋ ከተጻፈው ሰዓት በላይ ይወስዳሉ። ፈሳሹም ቶሎ ይተናልና መረቁን ጥቂት ጨምሩ፣ ክዳኑ ይግጠም። ዲግሪውን ከፍ ማድረግ ጎንና ጎኑን ያሳርራል እንጂ መሐሉን አያፈጥንም። የቦሎቄውን ማፍላት በተለይ አርዝሙት።

ዛሬ አዘጋጅቼ ነገ ልጋግረው? ፍሪዘርስ?

ለነገ ከሆነ አደባልቃችሁ፣ ሸፍናችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ ፍርፋሪውን ግን ለብቻው አቆዩት። ሥጋውንም ሶሱንም ቀድማችሁ አብስላችሁ ከነበረ ሳይቀዘቅዙ አትክደኗቸው። ትሪውን ከመጋገራችሁ ከግማሽ ሰዓት በፊት አውጡትና 15 ወይም 20 ደቂቃ ተጨማሪ ስጡት። መኮሮኒ ያለበት ከሆነ ሌሊቱን ሶሱን ስለሚጠጣ ትንሽ ወተት ጣል አድርጉበት።

ለፍሪዘር ትሪውን በፎይል ለብጡ፣ ምግቡን አድርጉ፣ ሲጠጥር ከነፎይሉ አውጡና ጠቅልላችሁ መልሱት። ትሪያችሁ ሁለት ወር ሙሉ አይታሰርባችሁም። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ጣዕሙ ደህና ነው። ድንች በቁርጥራጩ ፍሪዘር አይወድም፤ ውሃው በረዶ ሲሆን ሴሉን ይሰብረዋል፣ ሲቀልጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። የተፈጨ ድንች ግን ይችለዋል። በረዶውን ለማቅለጥ ከአንድ ቀን በፊት ወደ ፍሪጅ አውርዱት።

የተረፈውን ስንት ቀን ልበላው? እንዴት ላሙቀው?

ከኦቨን ከወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። ጥልቅ ትሪ መሐሉ ለረጅም ሰዓት ለብ ብሎ ይቆያል፣ ባክቴሪያ የሚወደው ደግሞ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጠፍጠፍ ባሉ ትናንሽ ዕቃዎች አካፍሉት። ሩዝ ካለበት ይበልጥ ፍጠኑ፤ ሩዝ ላይ የሚገኝ አንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ቢሞቅም አይጠፋም።

ስታሞቁት አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም መረቅ ጣል አድርጉ፣ ሸፍኑት፣ በ170 ዲግሪ እስኪንተከተክ ድረስ ይቆይ፤ መሐሉ እንደገና 74 ይድረስ። መልሳችሁ አቀዝቅዛችሁ ለሦስተኛ ጊዜ አታሙቁት። የምትበሉትን ብቻ ቆርጣችሁ አውጡ።

ወተትና ቺዝ የማይበላ ሰው አለኝ።

ቅቤውን በዘይት፣ ወተቱን በአትክልት መረቅ ቀይሩት፤ ሶሱ ያለ ችግር ይወፍራል። የቺዙን ቅባትና ለስላሳነት ለመተካት ጥቂት የተቀቀለ ነጭ ቦሎቄ ፈጭታችሁ ሶሱ ውስጥ ጨምሩ። ላዩን ፍርፋሪ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል በዘይት ታሽቶ ይጋገርበት።

ከኦቨን እንደወጣ ለምን አልበላውም? ርቦኛል እኮ።

ሲወጣ ሶሱ ገና ይፈላል፤ ማንኪያ ስታስገቡበት ሁሉም ነገር ይናዳል፣ ሥሩም ውሃ ያለው ይመስላችኋል። ስታርቹ የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው። ለ15 ደቂቃ ሳትነኩት ብትተዉት በማንኪያ ፈሳሽ የመሰለው በቢላዋ ተቆርጦ ሳህን ላይ ይቆማል። ትሪው ከባድ ስለሆነ አይቀዘቅዝባችሁም፤ በዚያ መሐል ሰላጣ ቁረጡ፣ ሳህን አቅርቡ። ጥጉ ላይ የቀላውን ቺዝ ቀድሞ በጣቱ ለሚያነሣው ሰው መድኃኒት አላገኘሁም፤ እኔው ነኝና።